ሦስት ሸክላ ማጫወቻ በሐሩን ቤት

የብየዳ ካውያዬን የሰቀልኩት ዓይኔ እምቢ ስላለኝ ነው። የሽቦውን ጫፍ ከጥላው መለየት አቃተኝ፤ አንድ ቀን የጋለውን ካውያ በሬዲዮው ፈንታ አውራ ጣቴ ላይ አሳረፍኩትና በቃኝ አልኩ። ሐረር ፈረስ መጋላ ያለውን ሱቅ ዘግቼ ቁልፉን ለሱቁ ባለቤት ልጆች መለስኩ። ሚስቴ ደስታዋን አልደበቀችም። ከእንግዲህ ሰው ቤት ገብተህ እንደ ሰው ትቀመጣለህ አለችኝ።

እውነት አላት። የማንም ቤት ስገባ ሰላምታ ሳልጨርስ ዓይኔ ግድግዳ ለግድግዳ ይዞራል። የኤሌክትሪኩ ስፒና የት ነው የተሰካው? ገመዱ በየት በኩል ያልፋል? ከተቀመጥኩበት ብነሳ እደርስበታለሁ ወይ? ልጆቼ የሙያ አመል ነው እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፣ እነሱ የዚያን ቀን ሐሩን ቤት አልነበሩም። እኔ ግን ነበርኩ፤ ክው ያልኩትም እስከ ዛሬ ከላዬ አልወረደም። ሥራ ፈትቼ ቤት መዋል ከጀመርኩ ወዲህ ደግሞ ጭራሽ ብሶብኛል፤ እንግዲህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ሥራ የጀመርኩት ጣልያን ወጥቶ እንግሊዞች ከተማው ውስጥ በነበሩበት ሰሞን ነው። ጣልያን ጥሎት የሄደው የጦር ሬዲዮ አንድ መጋዘን ሞልቶ ስለነበር እየበረበረ ደህናውን ከብልሹው የሚለይ ሰው ተፈለገ። የመጀመሪያው አለቃዬ አንድ ሻምበል ነበር፤ ሬዲዮ በጥፊ የሚታረም ይመስለው ነበር። የሚያናድደው፣ አንዳንዱ ይታረምለታል። ከዚያ ወደ ማዘጋጃ ቤት ተዛወርኩና አደባባዩ ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን ድምፅ ማጉያ እየወጣሁ መጠገን ሥራዬ ሆነ። ዜና ሰዓት ላይ ማጉያው ዝም ካለ አለቃዬ ከቢሮው መስኮት ብቅ ብሎ ያየኛል። አይቆጣም፣ ያየኛል ብቻ። ደሞዙ ለላጤ ይበቃ ነበር፤ ሳገባ መብቃቱን አቆመ። ያንን ሰበብ አድርጌ አው ኢድሪስ ዘንድ ገባሁ።

ሐረሪዎች አው የሚሉት ለሚያከብሩት ታላቅ ሰው ነው። አው ኢድሪስን ግን ክርስቲያኑም፣ ከገጠር የሚመጣው ገበሬም እንዲሁ ይጠራቸው ነበር። በጀጎል ግንብ ውስጥ ሬዲዮ ያለው ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ሰው የሚወዳቸው በድምፅ ጥራት ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ ነዛሪ ሬዲዮ የሌለበት ቤት አልነበረም፤ እናቶች ልጆቻቸውን ከሬዲዮ አጠገብ በጩኸት ነበር የሚያባርሩት። የአው ኢድሪስ ቃል ደግሞ አንድ ናት፦ በእኔ እጅ ያለፈ ዕቃ ሰው አይነካም። ይህን እየማሉ ዕቃ ያስረክባሉ፤ ሰውም ያንን ይዞ ልጆቹን ሬዲዮው ሥር ያስተኛል።

ዕቃ ሲመጣላቸው ወዲያው አይከፍቱትም። ባለቤቱን ያስቀምጡና ከመዘጋቱ በፊት ምን ዓይነት ድምፅ ያሰማ እንደነበር በአፉ አስመስሎ እንዲያሳያቸው ያደርጋሉ። ስንቱ የተከበረ ሰው እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንደ ድመትም እንደ ወፍጮም ጮኋል። ከዚያ ክዳኑን ይከፍቱና ያሸቱታል፤ የተቃጠለ ትራንስፎርመርና አይጥ የሸናበት ሽቦ ሽታቸው ለየቅል ነው። ኤሌክትሪኩን ሲለቁበት ግን ግራ እጃቸው ሽርጣቸው ውስጥ ይሸጎጣል። በአንድ እጅ ገብቶ በሌላው የሚወጣ ኤሌክትሪክ ልብን አቋርጦ ነው የሚያልፈው። በቀኛቸውም ቢሆን መጀመሪያ ብረቱን የሚነኩት በእጃቸው ጀርባ ነው። ቢስሚላህ ይሉና በጣቶቻቸው ጀርባ ዳበስ ያደርጉታል። ምክንያቱን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኤሌክትሪክ ጡንቻን ያኮማትራል፤ በመዳፍህ ከነካኸው ጣቶችህ ተጨብጠው ይይዙታል፣ መላቀቅ የለም፤ በጀርባው ከነካኸው ግን እጅህ ራሱ ይሸሻል አሉኝ። ይህን እስክለምድ በካቻቪቴ እጀታ ጣቶቼን አንኳኩተውልኛል። ስንት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ አንድም ቀን መዳፋቸውን አስቀድመው አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ሐሩን የሚባል የጊደር መጋላ የቅመም ነጋዴ ሱቃችን መጣ። በጅቡቲ በኩል ሃይ-ፋይ አስመጥቷል፦ አምፕሊፋየር፣ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያና መስተዋት የመሰለ ሸክላ ማጫወቻ። የሐሩን ቤት ጀጎል ውስጥ ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ አለ፤ ወዳጆቹ ጫት ይዘው ይሰበሰባሉ፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ከዚያ ሸክላ ይሰማል። ችግሩ ሸክላው ነው። አንዱ ዘፈን ከሦስት ደቂቃ በላይ አይሄድም። ልክ ምርቃናው ሲመጣ ዘፈኑ ያልቅና መርፌው ጭርር ይላል፤ አንድ ሰው ይነሳል፣ ሸክላ ይገለበጣል፣ አቧራው እፍ ይባላል፣ ሁሉም ከገባበት ተመልሶ ይመጣል። ሐሩን ይህን ሲነግረን እንደ ታላቅ በደል ነበር።

መፍትሔውንም ራሱ ይዞ መጥቷል። በበርጫው ሦስት ባለ ማጫወቻዎች አሉ። አንዱ እሱ ነው። ሁለተኛው ደምሴ የሚባል የእኔው ሰፈር ሰው፣ አስተማሪ ነው። ሦስተኛው አብዲ የሚባል፣ ሶፊ ከሚባለው ገጠር የሚመጣ ጫት ገበሬ ነው። የቤቱ ሕግ ደግሞ ማንም ሸክላውን በሰው መርፌ አያስነካም፤ ሐሩን የዓረብኛና የሐረሪ፣ ደምሴ የአማርኛ፣ አብዲ የኦሮምኛ ሸክላቸውን በየራሳቸው ማጫወቻ ነው የሚያጫውቱት። ስለዚህ ሦስቱም በዚህ በአንዱ ሃይ-ፋይ ይግቡልኝ አለን። አንዱ ሊያልቅ ሲል ሌላው ይጀምራል፤ ዝምታ የሚባል ነገር አይኖርም።

አው ኢድሪስ ደስ አላቸው። እንዲህ ያለ ነገር ሐረር ውስጥ ማንም ሠርቶ አያውቅም።

መጀመሪያ ሞኝ የሚያደርገውን አደረግን፤ የሦስቱንም ሽቦ በአንድ ላይ ገምደን አምፕሊፋየሩ ውስጥ ፎኖ ተብሎ በተጻፈበት ቀዳዳ ሰካነው። ፎኖ ማለት ከመርፌው የሚመጣውን በጣም ደካማ ድምፅ ተቀብሎ አሳድጎ የሚያስተካክለው ክፍል ነው። የወጣው ድምፅ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ይመስላል። ነገሩ ገባን፤ አንዱ መርፌ የሚያመጣውን የቀሩት ሁለቱ ሥራ ፈት መርፌዎች ይጠጡታል። እንግዲህ በየተራ ማስገባት ሊኖርብን ነው። ከአንድ አሮጌ የጦር ሬዲዮ ላይ የሚዞር መምረጫ ነቀልኩ፤ ቀጭ ስትለው የሐሩን፣ ቀጭ ስትለው የደምሴ፣ ቀጭ ስትለው የአብዲ ማጫወቻ ብቻ እንዲገባ አደረግነው። ጥራቱ መጣ። ከጥራቱ ጋር ግን ንብ ቀፎ ውስጥ እንዳለች ዓይነት እምምም የሚል ድምፅ መጣ። ያንን ለማጥፋት ከየማጫወቻው የብረት አካል አንዳንድ ሽቦ አወጣንና ሁሉንም አምፕሊፋየሩ ጀርባ ባለች በአንዲት ብሎን ሥር አሰርን። ጸጥ አለ። እንዲያ ያለ ጸጥታ ሰምቼ አላውቅም። አው ኢድሪስ ጆሯቸውን ማጉያው ላይ ለጥፈው ቆዩና እኛ የምንሸጠው ይሄንን ነው፣ ዘፈኑንማ ዘፋኞቹ ሸጠውታል አሉኝ።

ከዚያ በፊት ግን የአብዲ ማጫወቻ ጉዳይ ነበር።

የአብዲ ማጫወቻ ወደ አገሩ ከሚመለስ አንድ ጣልያን የገዛው አሮጌ ሣጥን ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ ውስጡ ትራንስፎርመር የለውም፤ ከግድግዳው ከሚመጡት ሁለት ሽቦዎች አንዱ በቀጥታ ከብረት አካሉ ጋር ይገናኛል። ስፒናው በአንድ በኩል ሲሰካ ብረቱ ሰላም ነው፣ ተገልብጦ ሲሰካ ብረቱ ይነዝራል። አው ኢድሪስ ገና ከፍተው ሲያዩት ክዳኑን መለሱት። ይሄ የእነዚህ ዘመድ አይደለም፣ ሁለቱን እናገናኝ፣ ይሄ ለብቻው ይሁን አሉ።

አብዲ ይህን ሲሰማ ሣጥኑን አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ። ሶፊ መብራት የለም፤ ያ ማጫወቻ የሚኖረው ሐሩን ቤት ነው፣ አብዲም ሸክላውን የሚሰማው ለበርጫ ከተማ ሲገባ ብቻ ነው። የሁለቱ ሰዎች ዘፈን በትልልቁ ማጉያ ግድግዳውን ሲያናውጥ የእሱ ሣጥን ጥግ ይዞ በቀጭን ድምፅ ሊያለቅስ ነው። ማንም አይስቅበትም፤ እሱ ግን ከዚያ በኋላ አይመጣም። አው ኢድሪስ ይህን ጀርባውን ሲያዩ አወቁ። አስቀምጠው አሉት።

እንደ ልማዳችን አደረግን። ኤሌክትሪኩን ከብረቱ ለይቶ የሚያስገባ ትልቅ ትራንስፎርመር በእጃችን ስላልነበረ፣ ለእንዲህ ዓይነት ዕቃ ሁልጊዜ እንደምናደርገው ስፒናው ላይ በአንድ ጎኑ ቀይ ቀለም ቀባን። ቀዩ ወደ ላይ ነው። ይህን ስንሠራ ዓመታት አልፈዋል፣ አንድም ቀን አልከዳንም። ሱቃችን ውስጥ ተገልብጦ ቢሰካ እንኳ አይሰማንም ነበር፤ ሳንቃ ላይ ቆመን፣ ከጎማ የተሠራ በረባሶ ተጫምተን ነበር የምንሠራው። ሐሩን ቤት ስንተክለውም አው ኢድሪስ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ጀርባ ሁሉንም ዳበሱ። ምንም የለም። ለሐሩን ቀዩን አሳዩት፣ እሱም እሺ አለ። እሑድ በርጫው ላይ እኔና እሳቸው በእንግድነት ተጠራን።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳስበው ደርቄ የምቀረው እዚህ ላይ ነው። ሁሉንም አስበናል። ያላሰብነው የምናውቀውን ነገር ነው። የሐሩን ቤት ሰዎች አዛን ሲሰማ ዘፈኑን በመምረጫው አይዘጉም፤ ለአዛን ክብር ሲባል እያንዳንዱ ስፒና ከግድግዳ ይነቀላል። አባቱ በሬዲዮ ጊዜ የጀመሩት ልማድ ነው። ስፒናው ከተነቀለ በኋላ ሁሉም ወደ ግቢ ወጥተው ውዱእ ያደርጋሉ፣ እጃቸውንና እግራቸውን ይታጠባሉ፣ ይሰግዳሉ። ከዚያ እንደረጠቡ፣ ባዶ እግራቸውን፣ በቀይ አፈር ወደተለቀለቀው ወለል ይመለሳሉ። አው ኢድሪስ ራሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ እንዲህ ታጥበው ሲሰግዱ ኖረዋል። በእሳቸው ሱቅ ግን አዛን ሲባል የሚዞረው የሬዲዮው ማጥፊያ ጉጥ ነው፤ ስፒና ነቅሎ የሚሰግድ ሰው ይኖራል ብለው አላሰቡም።

የዚያን ቀን በርጫው ከመነሻው ያማረ ነበር። ዱዓው ተደረገ፣ ጫቱ ተከፋፈለ፣ ዘፈኑ ከአንዱ ማጫወቻ ወደ ሌላው ሳይቋረጥ ይሄዳል። አብዲ ከሁሉ በላይ ደስ ብሎት ነበር። የእሱ ሸክላ በዚያ ማጉያ ሲወጣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ፤ ዓይኑን እንዳናይበት ነው። የአስር ሶላት ደረሰ። አዛን ተሰማ፣ ስፒናው ተነቀለ፣ እነሱ ለሶላት ሲቆሙ እኔና ደምሴ ግቢው ውስጥ ቆመን የሰፈራችንን ሰው እናማ ነበር። ጨርሰው ሲገቡ ወዲያው ዘፈን ሰማን፤ የአብዲ ሸክላ ነው። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን ገባን።

አው ኢድሪስ ማጫወቻዎቹ ፊት ቆመዋል፣ ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተዋል። በእንግድነታቸው ደስ ብሏቸው ቀጣዩን የሐሩንን ሸክላ ሊያስቀምጡ ተነስተው ነው። ሌሎቹ ነደባው ላይ፣ ከፍ ባለው መቀመጫቸው፣ ትራሳቸውን ተደግፈው በዘፈኑ ተመስጠዋል። የአው ኢድሪስ ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ሐሩን ፈገግ ብሎ ያያቸዋል፤ ምርቃናው ወስዷቸዋል ብሎ ነው። እኔ ትከሻቸውን አልነበረም ያየሁት። እጃቸውን ነው ያየሁት። ቀኝ እጃቸው የሐሩንን ማጫወቻ የብረት ጠርዝ ጨብጦታል። በመዳፋቸው። ለሥራ ሳይሆን ለደስታ ተነስተዋልና ያ የዕድሜ ልክ ጥንቃቄ አብሯቸው አልተነሳም።

የያዙት የአብዲን ሣጥን እንኳ አልነበረም፤ አዲሱን፣ የሚያብረቀርቀውን፣ ከሁሉም ሰላም ነው የምንለውን ነበር። ግን ሁሉም በአንዲት ብሎን ታስረዋል። ጸጥታ ያመጣችልን ያቺው ሽቦ የአንዱን ንዝረት ለሁሉም አድርሳለች። ከማጉያው የሚወጣው ዘፈን ደግሞ አንድ እንከን የለውም፤ እምምም አይልም፣ አይንተከተክም። በሕይወቴ ከሠራሁት ድምፅ ሁሉ የጠራው ያ ነበር፣ መምህሬም በዚያ ዘፈን መሐል ቆመው እየሞቱ ነበር።

ጫቱንም ትራሱንም የሰውን እግርም ረግጬ ዘለልኩና የአብዲን ሣጥን ገመድ ይዤ ጎተትኩት። ዘፋኙ ወዲያው ዝም አላለም፤ ድምፁ እየወፈረ፣ እየወረደ፣ እያጉረመረመ ነው የጠፋው። አው ኢድሪስ የወደቁት ከእሱ በኋላ ነው።

ደምሴና ሐሩን የአው ኢድሪስን ደረት ሲያሹ፣ ሌላው ከቁርኣን ያሲንን ሲቀራ፣ አብዲ በቆመበት በድን ሆኖ ቀርቶ ነበር። እኔ ስፒናውን በእጄ ይዣለሁ፤ ስጎትተው ግድግዳው ላይ እንዴት እንደነበረ አይቻለሁ። ቀዩ ወደ ታች ነው የተሰካው። በመጨረሻ አው ኢድሪስ ትንፋሻቸው ሲመለስ ዓይናቸውን ገለጡና አንድ በአንድ አዩን። ይጮሃሉ ብዬ ነበር፣ ያለቅሳሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን፦

«ከእኔ ሌላ የነካው አለ?» አሉ።

ማንም የለም አው ኢድሪስ፣ እርስዎ ብቻ ነዎት አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ዓይናቸውን መልሰው ከደኑ። ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ይሄ ነው። ከሞት ተመልሰው የጠየቁት ስለ ቃላቸው ነበር።

ሐኪም ቤት ሰነበቱ። ሕይወታቸው ተረፈ፣ ቀኝ እጃቸው ግን አልተረፈም፤ ጣቶቻቸው ወደ ውስጥ እንደታጠፉ ቀሩ፣ በግራ እጃቸው ካልፈቷቸው አይዘረጉም። ካውያ መያዝ አበቃ። ስፒናውን መልሶ የሰካው ማን እንደነበር ሐሩን ሊያጣራ ሲነሳ በቁጣ ከለከሉት። ሰው አትፈልጉ፣ በሁለት በኩል የሚገባ ስፒና ቀለም ቀብቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ማንም ቢሰካው ልክ ነው አሉ። እስከ ዛሬ ማን እንደሰካው አላውቅም፣ የጠየቀም የለም።

አብዲ ግን ጠፋ። ጫቱን በሌላ ሰው እጅ ይልካል፣ እሱ ጀጎል አይገባም። እኔ ሶፊ ድረስ ሄጄ ለመንኩት። ማሳው ዳር ቆሞ ሰማኝና፦

«አቦ ተፈራ፣ ተወኝ» አለኝ። «ያ ሣጥን ይሰበር በልልኝ። ሲያስቀሩብኝ ዝም ብዬ ብሄድ ኖሮ እጃቸው ደህና ነበር። ወላሂ፣ ዘፈን መስማት ራሱ አስጠልቶኛል።»

ይህን ለአው ኢድሪስ ነገርኳቸው። ከዚያ ሥራ እንጀምር አሉኝ። እሳቸው በርጩማ ላይ ተቀምጠው በግራ ጣታቸው ይጠቁማሉ፣ እኔ እሠራለሁ። ኤሌክትሪኩን ከብረቱ ለይቶ የሚያስገባ ትራንስፎርመር እኔው ጠመጠምኩ፤ ሽቦው በተበጠሰ ቁጥር እንደገና ከመጀመሪያው ያስጀምሩኛል። ስፒናውን ጣልነው። በምትኩ ድሮ ሥራ ከጀመርኩበት መጋዘን የቀረ፣ በአንድ በኩል ብቻ የሚገባ የእንግሊዞች ባለ ሦስት እግር ስፒናና መሰኪያ አገኘሁ። ሦስተኛዋን እግር በሽቦ አውጥተን ሐሩን ግቢ ውስጥ ከተቀበረ የመዳብ ዘንግ ጋር አገናኘናት። ሁሉም ሲያልቅ ሱቃችን ወለል ላይ ጆንያ አንጥፈው ውኃ እንዳፈስበት አዘዙኝ፤ በረባሶዬን አስወልቀው እርጥቡ ላይ አቆሙኝና በእጄ ጀርባ አስነኩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁን እስከዘጋሁበት ድረስ እርጥብ ጆንያ ላይ በባዶ እግሬ ቆሜ ያልነካሁት ዕቃ ከሱቁ ወጥቶ አያውቅም። ደንበኞች ያበድኩ ይመስላቸው ነበር።

አብዲን ያመጡት ራሳቸው ናቸው። በበቅሎ ሶፊ ሄደው፣ ዕቃህ ተሠርቷል፣ ባለ ዕቃው ሳይረከብ ሥራ አልቋል አይባልም አሉት። ሽማግሌ ያን እጅ ይዞ ደጁ ሲቆም እምቢ ማለት አልሆነለትም።

እንደገና ሐሩን ቤት ተሰበሰብን። አው ኢድሪስ ሆን ብለው የአስርን ሶላት ሰዓት ጠበቁ። አዛን ተሰማ፣ ስፒናው ተነቀለ። ውዱእ አደረጉ፣ ሰገዱ፤ ከዚያ አው ኢድሪስ ተመልሰው ወደ ግቢ ወጡና እጅና እግራቸውን እንደገና በውኃ አርሰው ገቡ። ከሽርጣቸው ጫፍ ውኃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። እኔ አልወጣሁም፤ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ገመዱን በሁለት እጄ ይዤ ነበር። አብዲን ስካው አሉት። አብዲ በአንድ በኩል ሞከረ፣ እምቢ አለው፤ አዞረው፣ ገባ። በሌላ በኩል እንደማይገባ በገዛ እጁ አየ።

አው ኢድሪስ ሣጥኑ ፊት ሄደው ቆሙ። በእጃቸው ጀርባ ይዳብሱታል ብዬ ጠበቅሁ። አላደረጉም። በግራ እጃቸው የቀኛቸውን የታጠፉ ጣቶች አንድ በአንድ ዘረጉና መዳፋቸውን የአብዲ ማጫወቻ ብረት ላይ አሳረፉ። ጣቶቹ ራሳቸው ታጥፈው ብረቱን ጨበጡት። እኔ ገመዱን ልጎትት እጄ ተወጥሯል።

«ተፈራ፣ ገመዱን ልቀቅ» አሉኝ።

አልቻልኩም። እጄ የእኔ አልነበረም።

«አብዲ አንተን እያየ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንተ ይዘኸው እያለ አያምነኝም።»

ቀና ስል እውነትም አብዲ የሚያየው እሳቸውን አልነበረም፣ የእኔን እጅ ነበር። ለቀቅኩት። ገመዱ ወለሉ ላይ ወደቀ።

አብዲ መጣና ሸክላውን ከልባሱ አውጥቶ አስቀመጠ፣ መርፌውንም ራሱ አወረደው። አው ኢድሪስ ዘፈኑ እስኪያልቅ እጃቸውን ከብረቱ ላይ አላነሱም።